ምስጋናና ምርቃት፦ ወላጅነትን በመጠይቅ የመለካት ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በናይሮቢ ኢስትሊ ሰፈር፣ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ቤት ተቀምጬ ነበር። በእጄ አርባ ያህል ጥያቄዎች የሰፈሩበት መጠይቅ ይዣለሁ። ጥያቄዎቹን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለስኳቸው እኔ ራሴ ስሆን፣ የዚያን ዕለት ሥራዬ ትርጉሙ ለወላጆች ግልጽ መሆኑን መፈተሽ ነበር። «ልጅዎ መልካም ጠባይ ሲያሳይ ምን ያህል ጊዜ ያመሰግኑታል?» ብዬ አነበብኩላቸው። ምርጫዎቹ አምስት ናቸው፦ በፍጹም፣ አልፎ አልፎ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ። እናቲቱ ፈገግ አሉና፣ «ወንድሜ፣ ልጅ ይመሰገናል እንዴ? የሚመሰገን እግዜር ነው። በፍጹም በለው» አሉኝ። እኔም «በፍጹም» ከሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ብዙም ሳይቆይ የአሥር ዓመት ልጃቸው የቡናውን ከሰል አቀጣጥሎ ይዞ ገባ። እናቲቱ ቀና ብለው አዩትና፣ «እደግ! ተመንደግ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ!» አሉት። ልጁ አንገቱን ሰበር አድርጎ ምርቃቱን ተቀበለና ወጣ። እኔ ብዕሬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው መልስ ይህች እናት ልጇን ፈጽሞ እንደማታበረታታ ይመሰክራል። ዓይኔ ያየው ደግሞ ሌላ ነው።

ያን ዕለት የተፈጠረብኝ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም። የወላጅን ፍቅር፣ ተግሣጽና ክትትል በቁጥር ለመመዝገብ የተነሣው ሐሳብ ከወዴት መጣ? በመንገዱ ላይስ ምን አተረፈ፣ ምን ጣለ? በዚህ ጽሑፍ ይህን ታሪክ ባጭሩ ለማስቃኘት እሞክራለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የመጠይቁ ልደት

ስለ ልጅ አስተዳደግ መጻፍ ጥንታዊ ነው። ከመጽሐፈ ምሳሌ ጀምሮ እስከ አያቶቻችን ተረትና ምሳሌ ድረስ ያልተባለ ነገር የለም። ወላጆችን ተመሳሳይ ጥያቄ እየጠየቁ መልሳቸውን አጠናቅሮ መደመር ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱት ቀዳሚዎች አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንሊ ሆል ነው። ሆል በ1883 ዓ.ም. የቦስተን ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ምን ምን ነገር እንደሚያውቁ ጠይቆ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። በኋላም የክላርክ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሳለ፣ ከ1894 ዓ.ም. አንሥቶ ስለ ልጆች ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ጨዋታና አሻንጉሊት የሚጠይቁ ዝርዝሮችን እያዘጋጀ ለመምህራንና ለወላጆች ይልክ ጀመር። የዝርዝሮቹ ቁጥር ከጊዜ በኋላ ከመቶ በላይ ደረሰ፤ መልሱም በሺዎች ይጎርፍ ነበር።

የሆል ሥራ ብዙ ሳይቆይ ተተቸ። ጠያቂው ተጠያቂውን አያውቀውም፤ ጥያቄውን አንዱ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይረዳዋል፤ የሚመልሰውም ፈቃደኛ የሆነው ብቻ ነው የሚል ነበር ትችቱ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እኔን በኢስትሊ የገጠመኝ ችግር ያን ጊዜም ታይቶ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ከወላጅ አንደበት መረጃ ማግኘት ይቻላል የሚለው እምነት ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው ይበልጥ ሥርዓት ያዘ። ሮበርት ሲርስ፣ ኤሌኖር ማኮቢና ሃሪ ሌቪን የተባሉት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ የሚኖሩ፣ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ያሏቸውን 379 እናቶች በቃለ መጠይቅ አነጋገሩ። ጡት ስለ ማስጣል፣ ሽንትን ስለ ማስለመድ፣ ስለ ቁጣና ቅጣት አንድ በአንድ ጠየቁ። በ1957 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፋቸው ልጁ በተቆጣና በተማታ ቁጥር ከባድ ቅጣት የሚወርድበት ቤት ጠበኛ ልጅ እንደሚገኝበት ጠቆመ፤ ጠበኛነትን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ቤትም እንዲሁ። ይህ ለዘመኑ ወላጆች ትልቅ ትምህርት ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ቅጣቱም ስለ ልጁ ጠባይም የተናገረችው ያችው እናት ስለነበረች፣ ምስክሩ አንድ ብቻ ነው የሚል ቅሬታ መነሣቱ አልቀረም።

የሚስማሙ ወላጆች፣ የሚረሱ ወላጆች

ቃለ መጠይቅ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ወላጅ በራሱ እጅ የሚሞላው አጭር ወረቀት ተፈለገ። በ1958 ዓ.ም. ኧርል ሼፈርና ሪቻርድ ቤል የተባሉ የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ባልደረቦች 115 ዓረፍተ ነገሮች ያሉትን የወላጆች አስተሳሰብ መለኪያ ይፋ አደረጉ። እናት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እያነበበች መስማማቷን ወይም አለመስማማቷን ምልክት ታደርጋለች። መለኪያው በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዙ ጥናቶች ላይ ዋለ።

ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ዓረፍተ ነገሮቹ አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ነበሩ። በመሆኑም ያነበበችውን ሁሉ «አዎ» የምትል እናት ጥብቅ ተቆጣጣሪ ተብላ ትመዘገባለች። የተማረችውና የጠያቂውን ልብ የምታውቀው እናት ደግሞ የትኛውን መቃወም እንዳለባት አስቀድማ ትረዳለች። ቤከርና ክሩግ በ1965 ዓ.ም. የመለኪያውን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ውጤቱ ከእናቲቱ የትምህርት ደረጃና ከአመላለስ ልማዷ ጋር እጅግ የተቆራኘ መሆኑን አሳዩ። መለኪያው የልጅ አስተዳደግን ለካሁ ሲል በከፊል ትምህርት ቤትን ሲለካ ኖሯል።

የማስታወስ ነገርም ተነሣ። ሊሊያን ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ በ1963 ዓ.ም. ባወጣችው ጥናት፣ የሦስት ዓመት ልጆች ወላጆች ስለ ልጃቸው ጨቅላነት የሚሰጡትን ቃል እነዚያው ወላጆች ልጁ ሲወለድ ጀምሮ ከሰጡትና ከተመዘገበው ቃል ጋር አነጻጸረች። ጡት የተጣለበትን ጊዜ፣ ሽንት ማስለመድ የተጀመረበትን ወቅት፣ ልጁ ጣቱን ይጠባ እንደሆነ ሳይቀር ብዙዎች ተሳስተዋል። ይበልጥ የሚያስገርመው የስሕተቱ አቅጣጫ ነው። ስሕተቱ፣ በተለይ የእናቶቹ፣ የዘመኑ ሊቃውንት ወደሚመክሩት ያዘነበለ ነበር። የዶክተር ቤንጃሚን ስፖክ ስመ ጥር መጽሐፍ በ1946 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በብዙ የአሜሪካ ቤት ገብቶ ነበርና፣ እናቶች ያደረጉትን ሳይሆን ማድረግ ይገባን ነበር ያሉትን አስታወሱ። ይህን ሐሰት ብሎ መፈረጅ የሚገባ አይመስለኝም። መልካም እናት ለመሆን የሚመኝ ሰው ትናንትን በምኞቱ ቀለም ያየዋል።

ከዚህ ትምህርት ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው ልጁን ራሱን መጠየቅ ነው፤ ሼፈር ራሱ በ1965 ዓ.ም. ልጆች ስለ ወላጆቻቸው የሚመልሱት መጠይቅ አዘጋጀ። ሁለተኛው ደግሞ «ምን ያስባሉ?» ከማለት ይልቅ «ምን ያደርጋሉ? ምን ያህል ጊዜ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዛሬ በእጃችን የሚገቡት መጠይቆች በአብዛኛው የዚህ የሁለተኛው መንገድ ልጆች ናቸው።

በኪሲ ኮረብታዎች

የእኛ የምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ይህን ታሪክ የአሜሪካኖች ጉዳይ ብቻ አድርጎ እንዳይተወው የሚያደርግ አንድ ምዕራፍ አለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጆንና ቢያትሪስ ዋይቲንግ የተባሉት ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ስድስት ማኅበረሰቦችን በአንድ ዓይነት የጥናት መመሪያ የሚያነጻጽር ሥራ መሩ። የተመረጡት ቦታዎች በሕንድ ካላፑር፣ በፊሊፒንስ ታሮንግ፣ በኦኪናዋ ታይራ፣ በሜክሲኮ ሁክስትላዋካ፣ በኒው ኢንግላንድ «ኦርቻርድ ታውን» የሚል ስም የተሰጣት ከተማ፣ እንዲሁም በምዕራብ ኬንያ በጉሲ ሕዝብ መካከል ያለችው ኛንሶንጎ ነበሩ። በኛንሶንጎ የተቀመጡት ሮበርትና ባርባራ ሌቫይን ናቸው። እናቶችን በተመሳሳይ ጥያቄ አነጋገሩ፤ ልጆችንም በየደጃፉና በየማሳው ሲሠሩና ሲጫወቱ እየተመለከቱ መዘገቡ።

የጉሲ እናቶች ልጅን በአንደበት ማወደስ አያዘወትሩም ነበር። ሌቫይንና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ ወደዚያው ሕዝብ ተመልሰው ያደረጉት ጥናት በ1994 ዓ.ም. በመጽሐፍ ሲወጣ ምክንያቱን ግልጽ አድርጎታል። በእናቶቹ እምነት ውዳሴ ጥሩውን ልጅ እንኳ ትዕቢተኛና የማይታዘዝ ያደርገዋል። ልጅ ሥራውን ከሠራ ዝም ይባላል፤ ዝምታው ራሱ መልካም ሠራህ ማለት ነው።

ታዲያ የእነዚህ ምስጋና ያልተቸራቸው ልጆች ጠባይ ምን ሆነ? ዋይቲንጎች በ1975 ዓ.ም. ያሳተሙት የምልከታ ውጤት እንደሚያሳየው፣ የኛንሶንጎ ልጆች ከታሮንግና ከሁክስትላዋካ ልጆች ጋር ታናናሾቻቸውን በመንከባከብና ኃላፊነት በመሸከም ከሌሎቹ ሦስት ቦታዎች ልጆች ልቀው ተገኙ። የኦርቻርድ ታውን ልጆች ትኩረትና እርዳታ በመፈለግ በሌላው ወገን ነበሩ። ዋይቲንጎች ምክንያቱን በእናቶች የሥራ ጫናና ልጆች በሚሰጣቸው የእውነት ሥራ ላይ አገኙት። ሕፃን የታዘለ ልጅ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ እንጨት የሚለቅም ልጅ ለቤቱ አስፈላጊ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ይህን የምጠቅሰው ልጅን ማወደስ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የጉሲ ቤት ቅጣትም የማይናቅ ነበር፤ ሁሉንም ነገር እንደ ወረደ ማወደስ አይገባም። ነገር ግን «ምን ያህል ጊዜ ያወድሳሉ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ወደ ኛንሶንጎ ቢላክ ኖሮ፣ ከዚያ መንደር የሚመለሰው ቁጥር ስለ ልጆቹ የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

«አዎንታዊ» የሚለው ቃል እንዴት ገባ?

በ1960ዎቹ ዲያና ባውምሪንድ በካሊፎርኒያ በርክሊ ወላጆችንና ሙአለ ሕፃናት የገቡ ልጆችን በምልከታና በቃለ መጠይቅ አጥንታ፣ ሦስት ዓይነት ወላጆችን ለየች፦ አዛዡን፣ ልቅ የሚያደርገውን፣ እንዲሁም ፍቅርንና ጥብቅነትን ከማስረዳት ጋር አጣምሮ የሚይዘውን። ይህ ክፍፍል በሥነ ልቦና ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተሰራጨ። በ1991 ዓ.ም. ጆን ቡሪ በሠላሳ ጥያቄዎች ወደ መጠይቅ ለወጠው፤ የባውምሪንድ የወራት ምልከታ በሩብ ሰዓት የሚሞላ ወረቀት ሆነ።

በሌላ በኩል በኦሪገን ጄራልድ ፓተርሰንና ባልደረቦቹ ጠበኛ ልጆች ያሉባቸውን ቤተሰቦች በቤታቸው እየተቀመጡ ይመለከቱ ነበር። ያገኙት ነገር ለማንም ወላጅ እንግዳ አይደለም፦ ልጅ ያለቅሳል፣ እናት ትጮኻለች፣ ልጅ ይብሳል፣ እናት ተሸንፋ ትተወዋለች፤ ነገ ልጁ ከዚያው ይጀምራል። መውጫው ቅጣትን ማክበድ ሳይሆን መልካሙን ጠባይ አይቶ ዋጋ መስጠት መሆኑን አስተማሩ። ከዚህ በኋላ የተስፋፉት የወላጆች ሥልጠናዎች ውዳሴን ከዋና መሣሪያዎቻቸው አንዱ አደረጉት።

የአላባማው የወላጅነት መጠይቅ የተወለደው በዚህ መንፈስ ነው። ፖል ፍሪክና ባልደረቦቹ አዘጋጅተውት በ1996 ዓ.ም. ጥናቱ የታተመለት ይህ መጠይቅ 42 ጥያቄዎች አሉት። ጥያቄዎቹ ስለ ወላጅ ተሳትፎ፣ ስለ አዎንታዊ አስተዳደግ፣ ስለ ክትትል ማነስ፣ ስለ ወጥነት የጎደለው ተግሣጽ፣ ስለ አካላዊ ቅጣትና ስለ ሌሎች የተግሣጽ ዘዴዎች ይጠይቃሉ። ትልቁ ቁም ነገሩ መልካሙን ነገር ለብቻው መቁጠሩ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ጥናቶች የሚያተኩሩት በጥፋት ላይ ነበር፤ የማይመታ ወላጅ ጥሩ ወላጅ ተደርጎ ይወሰድ ነበር። የማይመታ ግን ልጁን ቀና ብሎ የማያይ ወላጅም አለ።

አዎንታዊ አስተዳደግን የሚለኩት ጥያቄዎች ስድስት ናቸው። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ6 በታች ወይም ከ30 በላይ ሊሆን አይችልም። ከስድስቱ አራቱ በቃል ስለሚነገር አድናቆት ናቸው፤ አንዱ ስለ ሽልማት፣ አንዱ ስለ ማቀፍና መሳም ነው። እንግዲህ የኢስትሊዋን እናት እናስብ። ስለ አድናቆት የሚጠይቁትን አራቱን «በፍጹም» ብለው ቢያልፏቸው፣ ሌሎቹን ሁለቱን በሙሉ ነጥብ እንኳ ቢመልሱ ድምራቸው 14 ነው። ለሥልጠና የሚመለመሉ ወላጆች የሚለዩት በዚህ ዓይነት ድምር ከሆነ፣ «ልጅዎን ማበረታታት ይማሩ» ተብለው የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። እኒያ ከቡና እስከ ቡና ሲመርቁ የሚውሉ እናት!

ቃል ሲሻገር

በ1970 ዓ.ም. ሪቻርድ ብሪስሊን ስለ መልሶ መተርጎም የጻፈው ጽሑፍ ለእኛ ለተርጓሚዎች የሥራ መመሪያ ሆኖ ኖሯል። አንዱ ተርጓሚ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ሌላው ዋናውን ሳያይ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ይነጻጸራሉ። የእኔም ትርጉም ይህን ፈተና አልፏል። «ያመሰግኑታል» ያልኩት ቃል ያለ አንዳች ጉድለት ወደ ምንጩ ተመልሶ ነበር። አሁን ሳስበው ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሁለታችንም ተርጓሚዎች ዩኒቨርሲቲ የገባን፣ አንድ ዓይነት መዝገበ ቃላት የምንገልጥ ሰዎች ነን። ፈተናው የእኔና የባልደረባዬን ስምምነት እንጂ የእናቲቱን መረዳት አልመረመረም።

የአማርኛን ቃላት አንድ በአንድ እንያቸው። ማመስገን ለፈጣሪና ለባለ ውለታ ነው። ማወደስ ወደ ቅኔና ወደ ማኅሌት ያዘነብላል። ማሞገስ ሽንገላ ሊሸት ይችላል። ማድነቅ ደግሞ መገረምን ይጠራል፤ በዚያ ላይ ልጅን ከመጠን በላይ ማድነቅ ዓይን ያስበላል ብለው የሚፈሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። ለልጅ የተሰጠው ቃል ምርቃት ነው። «ጎሽ»፣ «ተባረክ»፣ «እደጊ»፣ «የኔ አንበሳ» የሚሉት ሁሉ የወላጅን ደስታ የሚያበስሩ ናቸው፤ ነገር ግን እናቲቱ ራሷ እነዚህን ምስጋና ብላ አትጠራቸውም።

«መቅጣት» የሚለው ደግሞ ይብሳል። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ተረት የሚናገረው ስለ ዱላ ብቻ አይደለም፤ የተቀጣ ልጅ ማለት ሥርዓት የተማረ፣ የታረመ ልጅ ማለትም ነው። ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ሩት ቻኦ በ1994 ዓ.ም. ባሳተመችው ጥናት፣ በቻይናውያን ዘንድ «ጓን» የሚባለው ቃል መቆጣጠርንና መንከባከብን፣ መውደድንም ጭምር በአንድነት እንደሚይዝ አሳይታለች። ስለዚህ የቻይና ተወላጅ እናቶች በመጠይቅ ላይ አዛዥ መስለው ቢገኙ፣ ቁጥሩ የቤታቸውን ፍቅር ሳያይ አልፏል ማለት ነው።

ትናንሽ የሚመስሉ ችግሮችም አሉ። በአማርኛ «ልጅዎ ሲያጠፋ» ባልን ጊዜ ልጁ ወንድ ሆኗል፤ ሴት ልጅ ያላት እናት ስለ ማን እየተጠየቀች እንደሆነ ታመነታለች። «አልፎ አልፎ» እና «አንዳንድ ጊዜ» በመጠይቁ ላይ የአንድ ነጥብ ልዩነት አላቸው፤ በሰው ጆሮ ግን አንድ ናቸው። «ወላጅ» ስንልስ ማንን ነው? አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እኅትና የግቢው ሰው ሁሉ የሚያሳድገው ልጅ ስንት ወረቀት ሊሞላለት ነው?

ቁጥር ያጋለጠው

እስካሁን ያልኩት መጠይቅን ጥሎ ወደ ተረትና ምሳሌ መመለስ ይሻላል የሚል እንዳይመስል እፈራለሁ። እውነቱ ወዲህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ ከ2005 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየሀገሩ በሚያካሂደው የቤተሰብ ጥናት ውስጥ ስለ ልጆች ተግሣጽ የሚጠይቅ ክፍል አስገብቷል። ጥያቄው «ልጅዎን ይመታሉ?» አይልም፤ ባለፈው አንድ ወር በቤቱ የተደረገውን፣ ከማስረዳት እስከ መምታት፣ አንድ በአንድ እየዘረዘረ ተደርጓል ወይስ አልተደረገም ይላል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከ2 እስከ 14 ዓመት ካሉ ልጆች ከአሥሩ ስድስት ያህሉ በአሳዳጊዎቻቸው እጅ አካላዊ ቅጣት በየጊዜው እንደሚደርስባቸው ገመተ። ልጅን በሚገባ ለማሳደግ አካላዊ ቅጣት የግድ ነው ብለው የሚያምኑት አዋቂዎች ግን ከአሥሩ ሦስት ገደማ ነበሩ። ከሚመቱት ብዙዎቹ በመምታት አያምኑም ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያለ ቁጥር ማን ሊያየው ይችል ነበር?

«ባህላችን ነው» የሚለውን መከላከያም ቁጥር ፈትኖታል። ጄኒፈር ላንስፎርድና ባልደረቦቿ በ2005 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ኬንያን፣ ሕንድን፣ ቻይናን፣ ጣሊያንን፣ ፊሊፒንስንና ታይላንድን ያካተተ ነበር። ድብደባ የተለመደ በሆነበት ማኅበረሰብ በልጁ ላይ የሚታየው ጠበኛነትና ጭንቀት ከድብደባው ጋር ያለው ግንኙነት ላላ ብሎ ተገኘ፤ ነገር ግን አልጠፋም። ልማድ ሕመሙን ያስታግሰው ይሆናል እንጂ አያድነውም።

በሀገራችንም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። የ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን በሃያ ቦታዎች ለዓመታት እየተከታተለ ልጆቹንም አሳዳጊዎቻቸውንም ጠይቋል። የመብት ድንጋጌ በቤት ውስጥ ምን ያህል እንደዘለቀ ለማወቅ ቤተኛውን ከመጠየቅ ሌላ መንገድ ብዙ አይገኝም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በ2018 ዓ.ም. የታተመው የደቡብ አፍሪካ ጥናት ነው። በምሥራቃዊ ኬፕ ክፍለ ሀገር 552 ቤተሰቦች ባሉበት በዚህ ሙከራ፣ ከፊሎቹ መንደሮች ወላጆችና ጎረምሳ ልጆቻቸው በአንድነት የሚካፈሉበት ሥልጠና ተሰጣቸው። ከወራት በኋላ የሠለጠኑት ወላጆች ድብደባና ስድብ እንደቀነሱ፣ መልካሙን አስተዳደግ እንደጨመሩ መለሱ። ስለ ድብደባውና ስለ በደሉ ልጆቹ የሰጡት መልስ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ግልጽ ልዩነት አላሳየም። ተመራማሪዎቹ ይህን ሳይደብቁ ሁለቱንም አወጡ። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው የወላጅ ምኞት እዚህም ሠርቶ ይሆን? ወይስ ልጅ የቤቱን ለውጥ የሚያምነው ዘግይቶ ነው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ወደ ኢስትሊ

ያን ዕለት ጥያቄዎቹን ስቀጥል ስለ ቅጣት ደረስን። በእጅ ስለ መምታት፣ በጥፊ ስለ መምታት፣ በቀበቶ ወይም በመሰል ነገር ስለ መምታት ጠየቅኋቸው። «በፍጹም! እኔ ልጅ አልመታም» አሉ እናቲቱ፣ ቅር እንደመሰኘት ብለው። ልጁ ቡና ሊያቀርብ ጎንበስ ባለበት ፈገግ አለና፣ «እማዬ፣ ቁንጥጫውስ?» አላት። እናቲቱ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን አልሳቅሁም። ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ ማንበርከክ በወረቀቱ ላይ አልነበሩም። ከአላባማ የመጣው ዝርዝር የአላባማን ቤት ያውቃል፤ እኔም ቃሉን ስመልስ የራሴን ቤት ማስታወስ ረስቼ ነበር። ያ ወረቀት የእኚህን እናት ምርቃትም ቁንጥጫም አላየም። በአንድ በኩል በደላቸው፤ በሌላው በኩል ሸፈናቸው።

ወደ ቢሮ ስመለስ ሁለት ማስተካከያ አቀረብኩ። አንደኛው «ደስ መሰኘትዎን በቃል ወይም በምርቃት ይገልጹለታል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የእኛን ቤት የቅጣት ዓይነቶች በስማቸው መዘርዘር ነበር። የሥራው ኃላፊ በትሕትና አዳመጠኝና አንድ ተገቢ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ ጥያቄውን ከለወጥነው፣ ውጤታችንን ከሌሎች ሀገሮች ውጤት ጋር እንዴት እናነጻጽረዋለን? መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። አንድ ዓይነት ቃል ይዘን ብንሄድ የተለያየ ነገር እንለካለን፤ ቃሉን ብንለውጥ ማነጻጸሪያችን ይላላል። በመጨረሻ ምርቃቱ ገባ፤ የቅጣቱ ዝርዝር በተጨማሪ ገጽ ለብቻው ተያያዘ።

እኔም በበኩሌ አንድ ልማድ አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም መጠይቅ ስተረጉም፣ ባልደረባዬ መልሶ ከመተርጎሙ በፊት ለጥቂት እናቶችና አባቶች አነብላቸዋለሁ፤ መልሳቸውን ከሰማሁ በኋላም «ይህን ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ፣ ወላጁ ከፈቀደ፣ እርሱም እንዲናገር ጥቂት እጠብቃለሁ። ሥራው ይረዝማል፤ ክፍያው ያው ነው።

እኚያን እናት ከጥቂት ወራት በኋላ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። የመጠይቁ ነገር ምን ደረሰ ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው መለወጡንና ምርቃታቸውም ከእንግዲህ እንደሚቆጠር ነገርኳቸው። «ቁንጥጫውም ይቆጠራል?» አሉኝ። ይቆጠራል አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው መቀነስ አለብኝ» አሉ።